አልወሰዱም

አንጋፋው ተዋናይ የሞቱት ሌሎቹ ሳቅ ሲለማመዱ ነው። መድረኩ ላይ ጓደኞቻቸው ሆዳቸውን ይዘው ሲንከተከቱ፣ እሳቸው ከመጋረጃው ጀርባ ባለችው ጠባብ የመልበሻ ክፍላቸው፣ መስታወቱ ፊት እንደተቀመጡ ቀሩ። ልብስ ሰፊዋ የኮታቸውን እጅጌ ልትለካ ገባችና «ጋሼ» አለች። «ጋሼ፣ ክንድዎን ቀና ያድርጉልኝ» አለች። ይዛ ብታነሳው ክንዳቸው መልሶ ወደቀ። ከዚያ የጮኸችውን ጩኸት መድረክ ላይ የነበሩት ሁሉ መጀመሪያ የቴአትሩ ክፍል መስሏቸው ነበር፤ እንዲያውም አንዱ «ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ!» ብሏል አሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

ቡድኑ ትንሽ ነው፤ የሚያዘጋጀው ቴአትርም አዲስ ኮሜዲ ነው። ሊከፈት ሦስት ቀን ቀርቶታል። ታሪኩ ሁሉ ነገር ስለሚጠፋበት ባል ነው። ባልየው የገዛ ሚስቱን «እመቤቴ፣ አግብተዋል እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የራሱን ጫማ መልሶ ከራሱ ይገዛል። ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ደግሞ መውሰዱን እየረሳ በየደቂቃው «መድኃኒቴን ወስጃለሁ እንዴ?» ይላል። እንዲተኛላትና ጎረቤት ሄዳ ወሬዋን እንድታወራ የቸኮለችው ሚስቱም በየደቂቃው «ኧረ አልወሰድክም!» ትለዋለች። ሰባት ጊዜ ትለዋለች። አዳራሹ በሳቅ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው ተብሎ ነበር የታሰበው።

የመጣችውን መርማሪ የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፣ ስለምትወጋ ነው የሚሉም አሉ። እሷ ስትጠየቅ «የተተረተረ ስለምሰፋ ነው» ትላለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሬሳ አይታ ሬሳ ያልለመደች ሴት ናት። የሞተ ሰው ፊት ስትቆም ድምጿን ዝቅ የምታደርገው፣ የተኛ እንዳትቀሰቅስ የምትጠነቀቅ ይመስል ነው።

ክፍሉ ውስጥ ብዙ ነገር የለም። መስታወት፣ ወንበር፣ የተሰቀለ ኮት፣ የተጋመሰ የውሃ ብርጭቆ። ጠረጴዛው ላይ ለቴአትሩ የተዘጋጀ ከረሜላ የሞላበት ትልቅ ቢጫ ጠርሙስ አለ፤ ጎኑ ላይ የእውነተኛው የልብ መድኃኒት ትንሽ ብልቃጥ ቆሟል። አጠገባቸው የቴአትሩ ጽሑፍና ተቀርጾ ተቀርጾ አውራ ጣት ያከለ እርሳስ ተቀምጧል። መርፌ ገጾቹን ገለበጠች። ዳር ዳሩ ሁሉ በእርሳስ ተሞልቷል፤ «እዚህ ዙር»፣ «እዚህ ቁም»፣ «በግራ በኩል ያለችው ሚስትህ ናት» ይላል። የሦስተኛው ትዕይንት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። ያ ገጽ ከታተመው ቃል በቀር ፊቱም ጀርባውም ነጭ ነው፤ አንዲት የእርሳስ ጭረት የለበትም።

«ቁስል የለም፣ ትግል የለም» አላት ሐኪሙ። «ይህ ልብን የሚያዘገይ መድኃኒት ነው። በቀን አንድ ፍሬ ነው የሚወሰደው። የእሳቸው ልብ ድሮም ደካማ ነበር። ብልቃጡ ሠላሳ ይይዛል፤ ከተከፈተ ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው።»

«እንግዲያው ሃያ መቅረት ነበረበት።»

«አሥራ ስድስት ነው ያለው።»

መርፌ ጣቷን አጠፈች። የዛሬው አንድ፣ ትርፉ አራት። ሰው ቢሳሳት ሁለት ይውጣል እንጂ አምስት አይውጥም። መሞት የፈለገ ሰው ደግሞ አሥራ ስድስቱን ለማን ብሎ ያስተርፋል?

ከሁሉ አስቀድማ ያነጋገረችው የሟቹን ሚስት ነው። የቡድኑ ሰዎች «እትዬ» ይሏቸዋል። ሥራቸው አስታዋሽነት ነው፤ በጎን መጋረጃው ሥር ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጽሑፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት በሹክሹክታ ያቀብላሉ። አርባ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ያን ጠዋትም በርጩማቸው ላይ ነበሩ፤ ማንም ሊያስነሳቸው አልደፈረም።

«መድኃኒቱን የሚሰጧቸው እርስዎ ነዎት?» አለች መርፌ፣ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ።

«እኔ ነኝ። እንደመጣን፣ ኮቱን ሳያወልቅ።»

«ዛሬ ስንት ሰጧቸው?»

«አንድ።» እትዬ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «በዚህ እጄ ነው የሰጠሁት። አንድ… መሰለኝ።»

«‹መሰለኝ› ነው ወይስ ‹ነው›?»

«ጠዋት ብትጠይቂኝ ‹ነው› እልሽ ነበር ልጄ። ሰዉ ሁሉ ሲያየኝ ‹ነው› የነበረው ወደ ‹መሰለኝ› ወረደብኝ። ካወቅሽው ንገሪኝ። እኔ ከሆንኩም አትደብቂኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቃል ሳቀብለው ኖሬ መጨረሻ ላይ ሞቱን አቀብዬው እንደሆነ፣ ልወቀው።»

መርፌ ለሰዎች ቃል መግባት አትወድም። ለእኚህ ሴት ግን «እነግርዎታለሁ» አለቻቸው፤ ካለች በኋላ ነው ከባድ ነገር እንደተሸከመች የታወቃት።

ቀጥሎ የመጣው አዘጋጁ ነው፤ ቴአትሩን የጻፈውም እሱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። አንጋፋውን በአባት ቦታ ነው የሚያያቸው ይባላል፤ ከበር ላይ ቲኬት ቆራጭነት አንስተው ደራሲ ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

«ላለመናገር ፈልጌ ነበር» አለ። «ግን ከሦስት ሳምንት በፊትም ደርሷል። ጋሼ ሁለት ፍሬ ወስደው ዞረባቸውና ቀኑን ሙሉ ተኝተው ዋሉ። ቤታቸው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። እትዬ ራሳቸው ‹እኔ ነኝ ተሳስቼ ደግሜ የሰጠሁት› ብለው ለሁላችንም ነግረውናል።»

«ዛሬም እሳቸው ናቸው ነው የሚሉኝ?»

«አልልም። ቢሆንም ሊፈረድባቸው አይገባም። የሚረሳ ሰው ሲያስታምም የኖረ ሰው ራሱም መርሳት ይጀምራል።»

መርፌ ከማስታወሻዋ ቀና አለች። «የሚረሳው ማን ነው?»

አዘጋጁ አንድ ጊዜ ዓይኑን አርገበገበ። «በቴአትሩ ማለቴ ነው። ሌት ተቀን እሱን ስናወራ እኛም ተቀላቀለብን።»

«እርስዎ ዛሬ ክፍላቸው ገብተው ነበር?»

«አዲሱን ገጽ ልሰጣቸው። ለሁሉም አድያለሁ። ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ‹ብርጭቆ› የነበረውን ‹ኩባያ› አድርጌዋለሁ።»

«ለአንዲት ቃል ገጽ አስባዙ?»

«ኮሜዲ የሚወድቀው በአንዲት ቃል ነው» አለ አዘጋጁ።

በቴአትሩ ሚስት ሆና የምትሠራውን ተዋናይት «ሳቂታ» ይሏታል። ያን ዕለት ግን ሳቂታ አፍንጫዋ አብጦ፣ መሐረቧን አፏ ውስጥ ከትታ ነው የተገኘችው።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች ገና ሳትጠየቅ።

«ቀስ በይ እህቴ። ምን አድርገሽ?»

«ሻርፔን ላመጣ በበራቸው ሳልፍ ‹መድኃኒቴን ወስጃለሁ እንዴ?› አሉኝ። እኛ እዚህ ቤት ቀኑን ሙሉ ቃል ለቃል ስንወራወር ነው የምንውለው። ልምምድ መሰለኝ። ‹ኧረ አልወሰድክም!› ብዬ ሳቅሁ።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«‹አንቺ ሴትዮ፣ ሆዴ ፋርማሲ ሆነ እኮ!› አሉኝ። የሚቀጥለው ቃላቸው ነው። እኔም አለፍኩ። የምራቸውን ጠይቀውኝ ቢሆንስ?» እንባዋ እንደገና መጣ። መርፌ ውሃ አስመጣችላት።

ተጠባባቂው ተዋናይ ግን አላለቀሰም። አንጋፋው ቢታመሙ ተክቷቸው እንዲገባ ቃላቸውን ሁሉ ያጠና ሰው ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አጥንቶ አንድ የትርኢት ቀን አልታመሙለትም።

«አዝኛለሁ ብል ማን ያምነኛል?» አለ። «ስሜ ራሱ ተጠባባቂ ነው። ሲጠብቅ ኖሮ ደረሰለት ነው የሚሉት።»

«እውነቱስ?»

«ጋሼን እወዳቸው ነበር፣ እቀናባቸውም ነበር። ሁለቱ አብሮ ይኖራል። መድረክ ላይ ከእትዬ ጋር ቃል ሳጠና ነው የቆየሁት። አንዴ ውሃ ልጠጣ ወጥቻለሁ። የወጣሁበትን ሰዓት አላውቀውም፤ አልዋሽዎትም።»

የልብስ ሰፊዋ ክፍል ከአንጋፋው ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ግድግዳውም ድምፅ የሚያሳልፍ ስስ ችፑድ ነው። ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ደጋግማ ስላወራችው አንደበቷ ተፈቷል።

«ማሽኔ ሲሮጥ ጆሮዬ የለም። ክር ስቀይር ግን ሁሉ ይሰማኛል። መጀመሪያ ያቆምኩ ጊዜ ጋሼ የሆነ ነገር አጉረመረሙ። ከዚያ አንድ ሰው በሹክሹክታ ‹አልወሰዱም› አለ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሹክሹክታ ምን ጾታ አለው? እኔማ ስለ ወንበሮቹ የሚያወሩ መስሎኝ። አናጺዎቹ የተሰበሩትን ሊወስዱ ነበራ።»

«አልወሰዱም?»

«ኧረ ከትናንት ወዲያ ወስደዋል! ማን ነው ደግሞ አልወሰዱም የሚል ብዬ ገርሞኝ ነበር። ከዚያ መስፋቴን ቀጠልኩ። ሁለተኛ ሳቆም የሳቂታን ሳቅ ሰማሁ፤ ያችኑ የልምምድ ቃሏን እያለች። እሷስ ስትስቅ ሰፈር ይሰማታል።»

መርፌ «ወንበሮች» ብላ ጻፈችና አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረገች። ከሰዓት በኋላ፣ አስከሬኑ ከሄደ፣ ሰዉም ከተበተነ በኋላ፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ የእትዬን ጽሑፍ አነበበች። የሰው ቃል ድምፁ ካልተሰማ አይገባኝም የምትል ሴት ስለሆነች ጮክ ብላ ነው የምታነበው። ባሉን ሆና ጠየቀች፣ ሚስቲቱን ሆና መለሰች። «ኧረ አልወሰድክም!» አለች። ደገመችው። «አልወሰድክም።» ከዚያ ማስታወሻዋን ወደ ኋላ ገልብጣ የልብስ ሰፊዋን ቃል አየች፤ ብዙ ጊዜም ሳትነሳ ቆየች።

እትዬ አሁንም አልሄዱም ነበር። ቤታቸው የሚሄዱበት ምክንያት ያጡ ይመስላል።

«እትዬ፣ ጋሼን ቤት ውስጥ አንተ ነው የሚሏቸው?»

«ታዲያ ባሌን ምን ልበለው?»

«እዚህ ያሉትስ?»

«እርስዎ ነዋ። ማን ደፍሮት! ሳቂታ እንኳ መድረክ ላይ አንተ ትለውና ገና ከመጋረጃው ሳትወጣ ‹ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ› ትለዋለች።» ፈገግ ሊሉ ሞክረው ተዉት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጋሼ በእርሳስ የሚጽፉት ለቴአትሩ ብቻ ነው?»

እትዬ የጽሑፉን ጠርዝ በጣታቸው ሲያሹ ቆዩና «ከሞተ በኋላ ማዋረድ እንዳይሆንብኝ» አሉ።

«እውነት አታዋርዳቸውም።»

«ይረሳ ነበር» አሉ እትዬ። «የምሩን። ዓመት ሊሆነው ነው። የመድረኩ ቃል አይጠፋበትም፤ ቢጠፋበትም እኔ አለሁ። የሚጠፋበት ጠዋቱ ነው። ምን እንደበላ፣ ማን እንደመጣ፣ መድኃኒቱን ይውሰድ አይውሰድ። ለማንም አልተናገርንም። ሰው ቢያውቅ መድረኩን ይነሱታል፤ መድረኩን ካጣ ደግሞ ምን ሊያስታውስ ነው?»

«ያን ጊዜ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሁለት የወሰዱ ዕለት…»

«እኔ አልደገምኩለትም። እሱ ነው ረስቶ የደገመው። ‹እኔ ነኝ› ያልኩት ስሙን ላድን ብዬ ነው። ይኸው ያ ውሸቴ ዞሮ እኔኑ ያዘኝ። ያን ጊዜ ሳላደርግ አደረግሁ አልኩ፤ አሁን አላደረግሁም ስል ራሴም አላመንኩት።»

«ከዚያ በኋላ ምን ዘዴ አበጁ?»

«በዋጠ ቁጥር አንዲት ጭረት ያሰምራል፣ ከአጠገቧ ቀኑን ይጽፋል። ከሦስተኛው ትዕይንት ገጽ ጀርባ ላይ። ጥያቄው በመጣበት ቁጥር እጁ ወደዚያ ገጽ ይሄዳላ! ቃሉ ያለው እዚያ ነው። ገልብጦ ያያል፣ ጭረቷን ያገኛል፣ ልቡ ያርፋል። ዛሬም እኔው ፊት አስምሯል።» እትዬ ቀና አሉ። «አላየሽውም?»

መርፌ አላየችውም። ነጩን ገጽ ብቻ ነው ያየችው። ሳትቆይ ለሳቂታ፣ ለተጠባባቂውና ለልብስ ሰፊዋ ስልክ ደወለች፤ ሁሉንም የጠየቀቻቸው አንድ ጥያቄ ነው። ልብስ ሰፊዋ ጽሑፍ እንደማይሰጣት ተናገረች፣ ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው። ለቴአትሩ የተሠራው ሳሎን እንዳለ ነበር። ሳቂታ የሚስቲቱ ሶፋ ላይ ኩርምት ብላለች፣ ልብስ ሰፊዋ ጎኗ ናት፣ ተጠባባቂው በሐሰተኛው መስኮት አጠገብ ቆሟል። አዘጋጁ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ወንበር ስቧል። እትዬ በርጩማቸው ላይ ናቸው። በሩ ላይ አንድ ሳጅን ቆሟል። መርፌ የባልየውን ወንበር ትታ ቆማ ጀመረች።

«ጋሼ የዋጡት አምስት ፍሬ ነው። እትዬ የሰጧቸው አንድ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ አሳያችኋለሁ። ትርፉን ራሳቸው ናቸው የወሰዱት፣ ሊሞቱ ግን አይደለም። አልወሰድኩም ብለው ስላሰቡ ነው። ጋሼ በእውነተኛ ሕይወታቸውም ይረሱ ነበር።»

ሳቂታ አፏን በእጇ ያዘች። ተጠባባቂው ወደ እትዬ ዞሮ «እትዬ?» አለ። እሳቸው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን አንድ ቃል አለችን» አለች መርፌ። «ልብስ ሰፊዋ በግድግዳው የሰማቻት። ‹አልወሰዱም›። ይህች ቃል ሦስት ፊት አላት። እነሱ አልወሰዱም ትሆናለች፣ እሳቸው አልወሰዱም ትሆናለች፣ እርስዎ አልወሰዱም ትሆናለች። ስለ አናጺዎቹ እንዳትሆን ወንበሮቹ ከሄዱ ሰንብተዋል። ስለ ጋሼ ለሌላ ሰው እንዳትሆን የተሰማው ሁለት ድምፅ ነው፤ አንዱ የራሳቸው የጋሼ ነው። አንድ ሰው ጋሼን ፊት ለፊት ነው ‹አልወሰዱም› ያላቸው።»

«ልምምድ ይሆናላ» አለ አዘጋጁ። «ሳቂታም ብላዋለች እኮ። ሁላችንም እንላለን።»

«ቃሉን የጻፉት እርስዎ አይደሉ? እስኪ ያንብቡልኝ።» ጽሑፉን ዘረጋችለት።

አዘጋጁ ወረቀቱን ተቀብሎ አየ። «‹ኧረ…›» አለና ቆመ።

«ይጨርሱት።»

«‹ኧረ አልወሰድክም›» አለ።

«አልወሰድክም። ሚስት ባሏን አንተ ነው የምትለው። የሚለማመድ ሰው የተጻፈውን ይላል፣ ሳቂታም እየሳቀች ያለችው ይህንኑ ነው። በሹክሹክታ ‹አልወሰዱም› ያለው ሰው ግን ባልየውን አልነበረም የሚያናግረው። ጋሼን ራሳቸውን ነው። ጥያቄው የምር እንደሆነ ገብቶታል፣ የምር አድርጎ ነው የመለሰው። ሲዋሻቸው እንኳ ማክበሩን አልተወም።»



«እርስዎ የሚሏቸው ሁላችሁም ናችሁ» ቀጠለች። «ልብስ ሰፊዋ ማሽኗ ላይ ነበረች፣ የሳቂታ ድምፅ ለብቻው ተሰምቷል። ሁለት ወንዶች ቀሩ። ከሁለቱ ጋሼ እንደሚረሱ ማን ያውቃል? እትዬ ለማንም አልተነፈሱም። ትናንት ግን አንድ ሰው ‹የሚረሳ ሰው ሲያስታምም የኖረ› አለኝ። ቤታቸው ያደረሳቸው፣ ቀኑን ሙሉ ተኝተው ያያቸው ሰው።»

«የቴአትሩን ነው ብዬዎታለሁ» አለ አዘጋጁ።

«ብለውኛል። እንግዲያው ስለ ገጹ እናውራ። ጋሼ መድኃኒታቸውን በወሰዱ ቁጥር ጭረት የሚያሰምሩበት አንድ ገጽ ነበራቸው። ትናንት እርስዎ ብርጭቆን ኩባያ አድርገው አዲስ ገጽ አደሉ። ለሳቂታም ለተጠባባቂውም ሰጡ፤ አሮጌውን ግን ከሁለቱም አልወሰዱም፣ እስከ አሁን እጃቸው ላይ ነው። ከጋሼ ብቻ ነው የወሰዱት። ለምን?»

አዘጋጁ ቦርሳውን በሁለት እጁ ያዘ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ማቃጠል ሲችል፣ መቅደድ ሲችል፣ ያን ገጽ አልጣለውም ነበር። የአባቱን ያህል የሚወዳቸው ሰው የእጅ ጽሕፈት ነውና አልቻለም። ሳጅኑ ሳይነካው ራሱ ከፍቶ አወጣውና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። በገጹ ጀርባ ላይ የተንቀጠቀጡ ጭረቶች ተደርድረዋል፣ ከእያንዳንዳቸው አጠገብ ቀን ተጽፏል። የመጨረሻዋ የትናንት ናት። አንዲት ናት።

«እንዲሞቱ አይደለም» አለ። ድምፁ የሕፃን ሆኖ ነበር። «ባለፈው በሁለት ፍሬ ዞሮባቸው ሲተኙ አይቻለሁ። አሁንም ዞሮባቸው ሳምንት ቢተኙ ተጠባባቂው ይገባል፣ እሳቸውም ሰው ፊት አይዋረዱም ብዬ ነው። አዳራሹ ሞልቶ፣ መድረክ መሐል ቆመው የት እንዳሉ ቢጠፋቸውስ? ‹አሞኛል ይበሉ› ማለት አፍሬ… ጠየቁኝ፣ አልወሰዱም አልኳቸው። አንድ ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ሌላውን ነጩ ገጽ ነው ያለላቸው» አለች መርፌ። «ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል፣ ገጹን ይገለብጣሉ፣ ጭረት የለም። ይወስዱና ያሰምሩ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ግን ገጹ ሲነጣባቸው ማስመሩም ጠፋቸው። በየመሐሉም ማንም አልገባም።»

ሳቂታ ከሶፋው ተነሳች። «እኔስ? እኔ የመለስኩላቸውስ?»

መርፌ ወደ እሷ ሄዳ ትከሻዋን ያዘች። «አንቺን በሚቀጥለው ቃላቸው መልሰውልሻል። የመለሰልሽ ተዋናዩ ነው፤ ተዋናዩ የሚበላው ከረሜላ ነው» አለቻት። እውነት ይሁን አይሁን መርፌ አታውቅም፤ የሚያውቅም የለም። እንደምታውቅ ሆና ነው የተናገረችው።

ከዚያ ወደ አዘጋጁ ዞረች፤ ቁጣዋ ያኔ ወጣ። «ስለወደዷቸው ተሳሳቱ ልበል። ግን ትናንት እኚህ እናት ቀኑን ሙሉ እጃቸውን እያገላበጡ ሲያዩ ከዚያ ወንበር ላይ ሆነው ያይዋቸው ነበር። ለእኔም ‹አይፈረድባቸውም› እያሉ ሲፈርዱባቸው ነበር። ይህንንስ ለማን ብለው ነው?»

አዘጋጁ አጎነበሰ።

እትዬ ከበርጩማቸው ተነስተው መጡ። ገጹን አንስተው ጭረቶቹን በጣታቸው ተከትለው እስከ መጨረሻዋ ደረሱ። «እኔ አይደለሁም?» አሉ፤ የጠየቁት መርፌን ነው።

«አይደሉም እትዬ። አንድ ነው የሰጡት።»

«አንድ ነው» አሉ እትዬ። ያኔ ከትናንት ጀምሮ ያልመጣው ልቅሶ መጣ። ሳቂታ ደግፋ ያዘቻቸው፣ ተጠባባቂውም ወንበር አቀረበ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ፊታቸውን ጠርገው አዘጋጁ ፊት ቆሙ። ሳጅኑ ሊወስደው ቀርቦ ነበር፤ መርፌ በዓይኗ አቆመችው።

«ልጄ» አሉት እትዬ። እንደ ድሮው ነው የጠሩት። «ከትናንት ወዲያ ማታ ምን አለኝ መሰለህ? ‹በቃኝ፣ ለዚህ ልጅ ልልቀቅለት› አለኝ። ተጠባባቂውን ማለቱ ነው። ‹አዘጋጁም መክፈቻው ላይ እንዳያፍርብኝ ጠዋት እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፤ አንቺ ቀድመሽ እንዳትነግሪብኝ› አለ። እኔም አፌን ዘጋሁ። ትናንት የመጣው ለልምምድ አልነበረም። ገጹን ይዘህ ስትገባ አንተን ሲጠብቅ ነበር።»

አዘጋጁ ቀና ብሎ አያቸው።

«ምንም አልነገሩኝም» አለ።

«ረስቶት ነዋ» አሉ እትዬ።